የኮሲሞ ባርሌታ የልደት ወረቀት

ኤክቶር ባርሌታ የሚባል ሰው ከአርጀንቲና ተነሥቶ ፔትራሉንጋ የገባ ዕለት፣ ኤርሲሊያ ፋልቮ መጀመሪያ የመጣላት ሐሳብ የወረቀት መቁረጫውን ቢላዋ አንስታ አንገቱ ላይ መሻጥ ነበር።

አላደረገችውም። ሃያ ስድስት ዓመት በማዘጋጃ ቤቱ የክብር መዝገብ ክፍል የሠራች፣ የከተማውን ልደትና ሞት በእጇ የጻፈች ሴት ናት፤ እጇን መግዛት ታውቃለች። ሰውየው ግን ባርኔጣውን አውልቆ ፈገግ እያለ፣ "አባቴ ኮሲሞ ባርሌታ የተወለደው እዚህ ነው። የልደት ወረቀቱን ፈልጌ ነበር ሲኞራ" ሲላት ብዕሯን አስቀመጠች።

"ማን አልከኝ?"

"ኮሲሞ ባርሌታ። ዓምና ሮዛርዮ ላይ አረፈ፤ ነፍሱን ይማረው።"

"አይማረው" አለች ኤርሲሊያ።

ሰውየው የሰማውን አላመነም። አርባ አራት ዓመት የሞላው፣ ትከሻው እንደ በር የሰፋ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ቄራ ውስጥ ከብት ሲበልት የኖረ ሰው ነው። አሁን ግን የሚገባበት እንደጠፋው ሕፃን ባርኔጣውን ያሽከረክራል።

"ምን አሉኝ?"

"አጎቴን ገድሎ ነው ከዚህ የሄደው። ፊቱን በድንጋይ አድቅቆ። ይህንንስ አጫውቶሃል?"

"አባቴ?" አለ ኤክቶር። "አባቴ እኮ ዶሮ እንኳ ማረድ የማይችል ሰው ነበር። እኔ ቄራ ስገባ ሳምንት ሙሉ አልቅሷል።"

"ያልቅስ እንጂ! የሚያለቅስበትን ያውቃል።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሃምሳ ሦስት ዓመት በፊት፣ ወይራ በሚለቀምበት ወራት፣ ከከተማው ሥር ባለው ገደል ውስጥ ሬሳ ተገኘ። ሦስት ቀን ዝናብ ወርዶበት እጅ እግሩ ጭቃ ለብሷል፤ ፊቱ ተቀጥቅጦ አፉ ከአፍንጫው አይለይም። በኮቱና በቀበቶው ግን የኤርሲሊያ አጎት ኒኮዴሞ ፋልቮ መሆኑ ታወቀ። በዚያው ሰሞን ጓደኛው ኮሲሞ ባርሌታ መርከብ ተሳፍሮ ወደ ባሕር ማዶ ሄዷል። በመጨረሻው ቀን ሁለቱ አብረው ሲጠጡ ታይተዋል። ከዚህ ወዲያ ዳኛ አላስፈለገም።

የኒኮዴሞ ታላቅ ወንድም ቪታሊያኖ፣ የኤርሲሊያ አባት ማለት ነው፣ ሦስት እሑድ ታገሠ። በአራተኛው ባለ ሁለት አፍ ጠመንጃውን በካባው ሥር ይዞ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ቆመ። ቅዳሴ አልቆ ሰው ሲወጣ የኮሲሞን አባት ደረቱን፣ የኮሲሞን ወንድም ሚኬሌን ሆዱን አላቸው። ሽማግሌው እዚያው ቀረ። ሚኬሌ አንጀቱን በሁለት እጁ ይዞ፣ ዐሥራ ሁለቱን ደረጃ በመቀመጫው እየተንፏቀቀ ወረደ፤ ነፍሱ የወጣችው ከታች ደርሶ ነው። የስድስት ዓመቱ ልጁ ሳንቶ፣ የአባቱን ባርኔጣ ይዞ ደረጃ በደረጃ ተከትሎታል።

ቪታሊያኖ ጠመንጃውን አስቀምጦ፣ ፖሊስ እስኪመጣ ቁጭ ብሎ ጠበቀ። ሠላሳ ዓመት ተፈረደበት። ስድስቱን እንደጨረሰ ከባርሌታ ጋር የሚዛመድ አንድ እስረኛ፣ ድንጋይ ላይ በሳለው ማንኪያ ጉሮሮውን በጠሰው። ኤርሲሊያ አባቷ ሲታሰር ገና በእናቷ ሆድ ነበረች፤ መልኩን የምታውቀው በአንድ ፎቶግራፍ ብቻ ነው። እናቷም ብዙ አልቆየች። ያሳደገቻት አያቷ ማርያንጄላ ናት። ማርያንጄላ የሁለት ልጆቿን ኀዘን ለብሳ ጥቁሯን ሳታወልቅ ሞተች። ስለ ነገሩ አንድ ቀን እንኳ ትንፍሽ አላለችም።

ሕግ ግን ሕግ ነውና ኤርሲሊያ የሰውየውን ወረቀቶች ተቀበለች። "ቅዳሜ ና" አለችው፤ ቀና ብላም አላየችው።

ገና አደባባዩን ሳያቋርጥ ሳንቶ ባርሌታ ደረሰበት። ሳንቶ አሁን ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ፍየል አርቢ፣ አጭር፣ ቁጡ። ኤርሲሊያ በመስኮት ታያለች።

"የኮሲሞ ልጅ አንተ ነህ?" አለ ሳንቶ።

"ነኝ። አንተስ..."

በጥፊ አጮለው። "ይቺ ስለ አባቴ!" በሌላው ጉንጩ ደገመው። "ይቺ ስለ አያቴ! አባትህ ገድሎ እግሬ አውጪኝ ሲል ጥይቱን የቀመሱለት እነሱ ናቸው። ሃምሳ ሦስት ዓመት! አንዲት ፖስታ! አንዲት 'አላችሁ ወይ'!"

ኤክቶር እጁን አላነሣም። ሳንቶም የመታውን ፊት በሁለት መዳፉ ይዞ ግራና ቀኝ ሳመው፣ ትከሻው ላይ ተደፍቶም እንደ ጥጃ ጮኸ። "እሑድ እኔ ቤት ነህ። ፍየል አርዳለሁ። ሌላ ቤት እህል ብትቀምስ እገድልሃለሁ።"

ኤርሲሊያ መስኮቱን ዘግታ ወረቀቶቹን ገለጠች። የሟቹ የአርጀንቲና መታወቂያ ደብተር አለ። ፎቶው ላይ አንድ ሽማግሌ አፍጥጦ ያያታል። ከሥሩ፣ "ልዩ ምልክት፦ ከቀኝ እጁ ሁለት ጣት የለውም" የሚል ተጽፏል።

ፎቶውን ደጋግማ አየችው። የአገጩን ስንጥቅ፣ የጆሮውን አወጣጥ። ቦርሳዋን ከፍታ የአባቷን ፎቶ አወጣችና አጠገቡ አኖረችው። ከዚያ ወዲያ መቀመጥ አልቻለችም።

የምልምል ወታደሮች መዝገብ ከላይኛው መደርደሪያ ነው። አቧራውን አራግፋ፣ የኮሲሞንና የኒኮዴሞን የትውልድ ዓመት አወጣች። ባርሌታ ኮሲሞ፦ ቁመቱ ይህን ያህል፣ ምልክት የለውም፣ ማንበብና መጻፍ አይችልም። ፋልቮ ኒኮዴሞ፦ መጻፍ ይችላል፣ በጦር ግንባር ከቀኝ እጁ ሁለት ጣት ተቆርጦበታል።

ጣት ቄራም ውስጥ ሊቆረጥ ይችላል አለች ለራሷ። የሚመሳሰል ሰው ስንት አለ። እንዲህ እያለች መንገዱን ወጥታ ቤተ ክርስቲያን ደረሰች።

አባ ጋውዴንሲዮ የወይን ተክላቸውን ይገርዙ ነበር። ወደ ደብሩ ከመጡ ዐሥር ዓመታቸው ነው።

"የሙታኑን መዝገብ አባ። የዚያን የወይራ ለቀማ ዓመት።"

ቄሱ መቀሱን ቀስ ብለው አስቀመጡ። "እዚህ የመጣሁ የመጀመሪያው ክረምት አንብቤዋለሁ" አሉ። "አንቺ ባትጠይቂኝ ብዬ ስጸልይ ኖሬያለሁ።"

"ለምን?"

"የሞተው ሞቷል ብዬ። ልጄ፣ ፈሪ ነኝ።"

መጽሐፉን አውጥተው ገጹን ገለጡላትና ወደ ውጭ ወጡ። ጽሑፉ ላቲን ነው፤ በሥራዋ ብዛት የለመደችው ላቲን። መደበኛው ቃል፣ "ኒኮዴሞ ፋልቮ፣ ሃያ ሁለት ዓመት፣ በገደል የተገኘ" ይላል። በኅዳጉ ላይ ግን የዚያን ጊዜው ቄስ በደቃቃ ፊደል እንዲህ ጽፈዋል፦

"ገላውን ያጠበችው እናቱ ማርያንጄላ ናት፤ እኔም ነበርሁ። ጣቶቹን ቆጠርን፤ ዐሥር ናቸው። ልጇ እንዳልሆነ ልጇም ምን እንዳደረገ ገባት። ልጄን እንዳይፈልጉብኝ ብላ ጉልበቴን ይዛ ለመነችኝ። ስሙን እንዳለችኝ ጻፍሁ።"

ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ በሌላ ቀለም፦ "ዛሬ ሁለት ሰዎች በደጄ ወደቁ። እርሷም ዝም አለች፤ እኔም ዝም አልሁ።"

ኤርሲሊያ ገጹን ሦስት ጊዜ አነበበችው። ያቺ አሮጊት የሌላ ሴት ልጅ ሬሳ አጥባ የራሷ ነው ብላ ቀበረች። የበኩር ልጇ ጠመንጃ ሲወለውል አየች፣ ወንድምህ በሕይወት አለ አላለችውም። የልጅ ልጇን አጥባ፣ አብልታ፣ ፀጉሯን ጎንጉና ስታሳድግ አፏ አልተከፈተም። ኤርሲሊያ ተነሥታ ወደ ወይኑ ወጣች።

አባ ጋውዴንሲዮ ውኃ አምጥተው ቆሙ። "እዚያ ቤት ውስጥ እሳት አለ" አሉ ዐይኗን ሳያዩ። "ገጿ አንዲት ናት። እኔ አላየሁም።"

"አቃጥዬ የት እገባለሁ አባ?" አለች። "አባቴ ሁለት ንጹሕ ሰው ነው የገደለ።"

ቄሱ መጽሐፉን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ሰጧት።

ቅዳሜ ኤክቶር ሲመጣ በሩን ዘጋችና ሁሉንም ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችለት፤ መታወቂያውን፣ ሁለቱን ፎቶ፣ የምልምሉን መዝገብ፣ መጽሐፉን። እያነበበች ተረጎመችለት። አባትህ ኮሲሞ አይደለም። አባትህ ኒኮዴሞ ነው። ጓደኛውን ገድሎ፣ የራሱን ልብስ አልብሶት፣ በሟቹ ስምና በሟቹ ቲኬት ነው የተሻገረው።

ኤክቶር ቀስ ብሎ ተነሣ። ጠረጴዛውን ዞሮ መጣና ጉሮሮዋን ያዛት።

"ውሸታም!" አለ በጥርሱ መሐል። "ጠልተሽኝ ነው! ከጥላቻሽ የፈጠርሽው ነው!"

ከግድግዳው ጋር አጣብቆ ከመሬት አነሣት። እግሯ ተንጠለጠለ፤ ጫማዋ ወለቀ። አልታገለችም፤ ብትታገልም ለዚያ ክንድ ምንም አልነበረች። ዐይኗ ሲጨልም ጣቷን ብቻ ወደ ጠረጴዛው ቀሰረች፤ ወደ ሁለቱ ፎቶ። እሱም ዞሮ አየ። የአባቱን ፊት ሁለት ሆኖ አየው።

ለቀቃትና ወለሉ ላይ ተዘረፈጠ። ኤርሲሊያ እያሳለች ተንበረከከች። በሕይወት የቀረላት አንድ የሥጋ ዘመድ መጀመሪያ የዳሰሳት አንቆ ሊገድላት ነው።

"አንቺ ታዲያ..." አለ ኤክቶር።

"የአጎትህ ልጅ ነኝ።"

እጁን አየ፤ አንገቷን አየ። የወለቀ ጫማዋን አንሥቶ አጠገቧ አኖረው። ከዚያ፣ "ወረቀቱን ጻፊልኝና ነገ በማለዳው አውቶቡስ ልሂድ" አለ። "ሦስት ልጆች አሉኝ። ሦስቱም ባርሌታ ናቸው። ምን ብዬ ልንገራቸው?"

"እጽፍልሃለሁ። ማኅተሙ ይኸው፤ ማንም አያውቅም" አለች በጎረነነ ድምፅ። "ነገ ግን ሳንቶ ፍየል ያርድልሃል። በእጁ ያጎርስሃል። እሱንም ትተህ ብትሄድ ዕድሜውን ሙሉ የአጎቴ ልጅ እያለ ያማሃል፣ ይናፍቅሃል። ይሄ ይዋጥልሃል?"

ኤክቶር ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ራሱን ነቀነቀ። "አይዋጥልኝም።"

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አብረው ሄዱ። ሳንቶ ግቢው ውስጥ ፍየሏን ከበለሱ ዛፍ ሰቅሎ ይገፍፋል፤ ክንዱ እስከ ክርኑ ደም ነው። ኤክቶርን አይቶ ሊስቅ ሲል ከኋላው ኤርሲሊያን አየ።

"ይቺን ምን ብለህ ነው ደጄ ያመጣሃት? የፋልቮ ጥላ እዚህ ግቢ ወድቆ አያውቅም!"

"የምትነግርህ አላት፤ ስማት" አለ ኤክቶር። "ከዚያ የፈለግኸውን አድርግ።"

ኤርሲሊያ እዚያው በሩ ላይ ቆማ መጽሐፉን ከፈተችና አነበበች። የዐሥሩን ጣቶች ነገር፣ የስሙን ነገር። ሳንቶ ቢላዋውን እንደያዘ ሰማት። ስትጨርስ፣ "ድገሚው" አለ። ደገመችው።

"አጎቴ አልገደለም?"

"አልገደለም። እሱ ነው የተገደለው።"

"አባቴ ሳይበድል ሞተ?"

"ሳይበድል ሞተ። አያትህም።"

ሳንቶ ወደ ኤክቶር ዞረ። "አንተ ደግሞ የአጎቴን ስም ለብሰህ ዓለምህን ቀጨህ" አለ፤ ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። "አውልቅ። ስሙን አውልቅ!"

ዘሎ ሰነዘረ። የመጀመሪያው ምት የኤክቶርን ጉንጭ ከጆሮው ሥር እስከ ከንፈሩ ተረተረው፤ ጥርሱ በጎን ታየ። ሁለተኛው ወደ ሆዱ ነበር። ኤርሲሊያ ክንዷን ከነመጽሐፉ መሐል አስገባች፤ ቢላዋው መጽሐፉን ስቶ በክርኗና በእጇ አንጓ መካከል ገብቶ በወዲያ ወጣ። ጮኸች። ኤክቶር የሳንቶን እጅ ያዘና፣ ቄራ ውስጥ የከብት መገጣጠሚያ እንደሚያላቅቅ አድርጎ ጠመዘዘው። አጥንቱ እንደ ደረቅ ጭራሮ ቋ አለ። ሳንቶ ግን አልወደቀም፤ በቴስታ አፍንጫውን አለው። ተያይዘው የፍየሏ ደም ውስጥ ተንከባለሉ፤ ተነካከሱ። በመጨረሻ ኤክቶር ከላይ ሆነ። እንደለመደው ጉልበቱን ደረት ላይ ተክሎ፣ ቢላዋውን ከመሬት አንሥቶ፣ የሳንቶን አገጭ ወደ ኋላ ገፋ። የጉሮሮው ሥር ብቅ አለ።

"የአባትህን ሥራ ልትጨርስ ነው?" ብላ ኤርሲሊያ ጮኸች። "ጨርሰዋ! የቀረው እሱ ብቻ ነው!"

 ከኤክቶር ጉንጭ የሚወርደው ደም በሳንቶ ፊት ላይ ይንጠባጠባል። ቢላዋውን በግንቡ ላይ አሽቀንጥሮ ወረወረና ከላዩ ተነሣ።

ሳንቶ በጀርባው እንደተኛ ሰማይ ሰማይ ያያል። "ታዲያ ኮሲሞ የት ነው ያለው?" አለ።

ኤርሲሊያ ክንዷን በቀሚሷ ጠቅልላ ይዛለች። "የእኛ መቃብር ፉካ ውስጥ" አለች። "ከአያቴ አጠገብ።"

ሳንቶ ተነሣ። የተሰበረውን እጁን በሽርጡ አስሮ በግራው ድጅኖ አነሣና ወጣ። የመቃብሩ ስፍራ ሩቅ አይደለም። በየደጁ ወንበር አውጥቶ የተቀመጠው ሰው ሁሉ እያየ ተነሥቶ ተከተለ። ጠባቂው በሩ ላይ ቆሞ፣ "ሳንቶ፣ ተው፣ የሙታን ቤት ነው!" ቢለው በድጅኖው ጫፍ ገፍትሮ ጣለው። ኤርሲሊያ ከኋላ ደርሳ፣ "ተዉት፤ ቤቱ የእኔ ነው፣ እኔ ፈቅጃለሁ" አለች።

"ኒኮዴሞ ፋልቮ" የሚለው እብነ በረድ በአራተኛው ምት ተሰነጠቀ፣ በስድስተኛው ወደቀ። ሳጥኑ በስብሷል። ሳንቶ ገብቶ አጥንቱን አንድ በአንድ አወጣ፤ ፊት የሌለውን ራስ ቅል ሲያወጣ ሚስቱ አንድ ብርድ ልብስ አመጣችለት። ጥቅልሉን ለእሷ አስታቀፈና ወደ ፉካው ተመለሰ። በደህናው ክንዱ ድጅኖውን አንሥቶ ከጎን ያለውን የማርያንጄላን ድንጋይ አንድ ጊዜ አናጋው። ድጋሚ ሊመታ ሲል ተወውና ድጅኖውን ተደግፎ ተቀመጠ።

ኤርሲሊያ ድጅኖውን ከእጁ ወሰደች። በደህናው እጇ፣ እየተንገዳገደች፣ በድንጋዩ ላይ የተለጠፈውን የአያቷን የሸክላ ፎቶ መታችው። ሸክላው ተፈረካከሰ። "አንድ ቃል!" አለች። መታች። "አንድ ቃል ብትይው! አባቴን አንድ ቃል!" ድጅኖው ከእጇ እስኪወድቅ መታች። የከተማው ሰው ቆሞ ያያል፤ አንድም የገላገላት የለም።

በማግሥቱ የፖሊሱ አዛዥ ሆስፒታል መጣ። ሦስቱ በሦስት አልጋ ተኝተዋል።

"ፍየል ስንገፍፍ ቢላዋ አዳልጦን ነው" አለ ሳንቶ።

"አንዲት ፍየል ስትገፍፉ ሦስት ሰው?"

"ክፉ ፍየል ነበረች።"

ኤክቶር ፊቱ በፋሻ ተጠቅልሎ መናገር ስለማይችል ራሱን ነቀነቀ። ኤርሲሊያ ጣሪያውን አየች። አዛዡ ቢጠይቅ ቢያስፈራራ ሌላ ቃል አላገኘም።

ኤክቶር ሃያ ሁለት ስፌት በፊቱ ይዞ ወደ አርጀንቲና ተመለሰ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ገብቶ ሁለት ዓመት ፈጀ። ዳኛው፣ ሰውየው ሳያውቅ የያዘውን ስም ይዞ ቢቀጥል ትቃወማለህ ወይ ብሎ ሳንቶን ጠየቀው። ብዙ ሰው አይቃወምም ብሎ ጠብቆ ነበር። ሳንቶ፣ "እቃወማለሁ" አለ። "ይመልስ።" ስለዚህ ኤክቶር በዚህ አገር መዝገብ ፋልቮ ሆነ። ለኤርሲሊያ ሁለት ደብዳቤ ጽፎላታል። በሁለተኛው፣ የበኩር ልጁ የገዳይ ስም አልሸከምም ብሎ ቤት ጥሎ መውጣቱን ነገራት። መልስ ልትጽፍለት ስትሞክር ሰነበተች።

ፍርዱ ከጸና በኋላ የኮሲሞ ሞት በአዲስ ገጽ እንዲመዘገብ ታዘዘ። አስመዝጋቢው የቅርብ ዘመድ መሆን ነበረበት። ሳንቶ ባርሌታ ባርኔጣውን ይዞ የኤርሲሊያ ጠረጴዛ ፊት ተቀመጠ።

"ሟች?"

"ኮሲሞ ባርሌታ።"

"ዕድሜ?"

"ሃያ ሁለት።"

"ሥራ?"

"ወይራ ለቃሚ። ሲዘፍንም ሰው ያቆም ነበር ይላሉ፤ እሱን ጻፊ።"

"እሱን የምጽፍበት ቦታ የለኝም።"

"ይሁን። በማን እጅ እንደሞተ ግን ትጽፊያለሽ።"

ቅጹ ለዚህም ቦታ የለውም። ኤርሲሊያ ኅዳጉ ላይ በቀጭኑ ጻፈችው፦ "በአጎቴ በኒኮዴሞ ፋልቮ እጅ።" ሕጉ እንደሚያዘው ሁሉንም ጮክ ብላ አነበበችለት። ሳንቶ ቀኝ እጁ ስላልዳነ በግራው ፈረመ።

ተነሥቶ ባርኔጣውን አደረገ። በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ።

"ያንቺም አባት ያው ነው" አለ ሳይዞር። "በከንቱ ነው የሞተው። አልምረውም፤ ግን በከንቱ ነው የሞተው።"

ከፋልቮ ቤት ውጭ ስለ አባቷ ሳይራገም የተናገረ ሰው ሰምታ አታውቅም።  ሳንቶ ወጣ። በረንዳው ላይ ጋብቻ ሊያስመዘግቡ የመጡ ሁለት ወጣቶች ከምስክሮቻቸው ጋር እየተሳሳቁ ይጠብቃሉ። ኤርሲሊያ ፊቷን በመሐረብ ጠርጋ ሌላኛውን መዝገብ አወጣችና፣ "ግቡ" አለቻቸው።